የተፋጠነ ዲግሪ ከሙሉ ቀን ሥራ ጋር፦ ጊዜው የሚያጥረው የት ላይ ነው?

«ሥራዎን ሳይለቁ በ18 ወር ዲግሪ ይያዙ» የሚል ማስታወቂያ ስልኩ ላይ መጥቶለት የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማስታወቂያውን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ውሎ የገባ፣ የደከመው ሰው ነው። ከዓመታት በፊት ኮሌጅ ጀምሮ አቋርጧል። ሥራውን አሳምሮ ያውቃል፤ አዲስ ገቢዎችን የሚያሠለጥነውም እሱ ነው። የኃላፊነት ቦታ ሲከፈት ግን መስፈርቱ ላይ «የመጀመሪያ ዲግሪ» የምትል መስመር አለች። እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰው ማስታወቂያውን ቢከፍተው አይፈረድበትም።

ይቻላል ወይ? ይቻላል። አድርገውት ያሳዩ አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ብዙ ሰው የሚቻልበትን ምክንያት አለማወቁ ነው። ፍጥነቱ ሌሊት ቁጭ ብሎ በማንበብ የሚመጣ ይመስለዋል። ቶሎ የሚጨርሱት ግን በአብዛኛው የሚያውቁትን ነገር እንደገና ለመማር ያልተገደዱ ሰዎች ናቸው። ይህ ነገር ሳይመዘገቡ በፊት ካልገባ ገንዘብም፣ ጤናም፣ ትዳርም ይበላል።

ሒሳቡን እንሥራው

የተፋጠነ ዲግሪ በሰፊው የሚሰጠው አሜሪካ ውስጥ ስለሆነ የዚያን አገር አሠራር ልያዝ። አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። በፌደራል መንግሥቱ ትርጓሜ መሠረት አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ትምህርትና ቢያንስ ሁለት ሰዓት የግል ሥራ፣ ለ15 ሳምንት ያህል ነው። ሲባዛ 45 ሰዓት ይመጣል። የተለመደው ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ 135 ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። ሙሉ ዲግሪው ደግሞ 5,400 ሰዓት።

አሁን በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው እናስብ። ከሥራ፣ ከመንገድ፣ ከቤት ጉዳይና ከእንቅልፍ የተረፈውን አሰባስቦ በሳምንት 15 ሰዓት ቢያገኝ ጎበዝ ነው። 5,400 ለ15 ሲካፈል 360 ሳምንት ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው።

«ኮርሶቹ እኮ የስምንት ሳምንት ናቸው» ይባላል። አዎ፣ ናቸው። ግን 135 ሰዓት በስምንት ሳምንት ሲከፈል በሳምንት 17 ሰዓት ገደማ ይሆናል። አንድ አንድ ኮርስ እየወሰዱ በዓመት ስድስት ተርም ቢማሩ 18 ክሬዲት ይገኛል። በዚህ አካሄድ 120 ለመድረስ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር ያስፈልጋል። ኮርሱ ተፋጠነ እንጂ ዲግሪው አልተፋጠነም። ሁለት ሁለት ኮርስ መውሰድ ደግሞ በሳምንት 34 ሰዓት ጥናት ነው። ከ40ው የሥራ ሰዓት ጋር ሲደመር 74 ይሆናል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚባለው እዚህ ጋ ነው። ያም ሆኖ ከዜሮ ለሚነሳ ሰው ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጃል።

እርግጥ ሁሉም ተማሪ ይህን ሰዓት አሟልቶ አያጠናም። ለአሥር ዓመት ሒሳብ ክፍል የሠራች ሴት የአካውንቲንግ መግቢያ ኮርስ ላይ 135 ሰዓት አታጠፋም። ዋናው ነገር ይኼው ነው። ለእሷ የሚቀንሰው ሰዓት አዲስ ለሚጀምር ሰው አይቀንስም።

ለመሆኑ ትምህርት በሰዓት የሚለካው ለምንድን ነው? ታሪኩ የሚገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 አሜሪካዊው የብረት ባለሀብት አንድሩ ካርኔጊ ለፕሮፌሰሮች ጡረታ 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ተቋም በ1906 ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ የሚጠይቁትን ትምህርት በክፍል ሰዓት የሚለካ መስፈርት አወጣ። ኮሌጆቹ የጡረታው ተጠቃሚ ለመሆን መስፈርቱን ተቀበሉ፤ በሰዓት የመቁጠሩ ልማድም ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። ስለዚህ ክሬዲት ተማሪው ምን ያህል እንደተቀመጠ ይናገራል። ምን ያህል እንዳወቀ ለመናገር የተሠራ አይደለም። ሠራተኛው ተማሪ ጊዜ የሚያተርፈውም እውቀቱን በቀጥታ የሚለኩ መንገዶችን ሲያገኝ ነው።

ይዘውት የሚገቡት ክሬዲት

ከነዚህ መንገዶች አንዱ ፈተና ነው። ክሌፕ የሚባለው ፈተና ከ1967 ጀምሮ አለ። የሚያዘጋጀው ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚያወጣው ኮሌጅ ቦርድ ነው። አብዛኞቹ ፈተናዎች 90 ደቂቃ ይወስዳሉ። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ሲሆን፣ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት 50 ላመጣ ክሬዲት እንዲሰጠው ይመክራል። ያልተሳካለት ሦስት ወር ጠብቆ ደግሞ ይፈተናል። በደንብ የሚያውቁትን ትምህርት በ90 ደቂቃ ማለፍ እና 135 ሰዓት ቁጭ ብሎ መማር ልዩነቱ ግልጽ ነው። ግን ሁሉም ኮሌጅ ሁሉንም ፈተና አይቀበልም። የገቡበት ትምህርት ቤት ዝርዝር ላይ መኖሩን ሳያዩ መክፈል ገንዘብ መበተን ነው።

ሌላው የሥራ ልምድ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሥራ ልምድን በማስረጃ አስደግፈው ለሚያቀርቡ ክሬዲት ይሰጣሉ። ተማሪው የሠራቸውን ሪፖርቶች፣ የወሰዳቸውን ሥልጠናዎች፣ የአለቃ ደብዳቤ ሰብስቦ ይህ ሁሉ ከየትኛው ኮርስ ጋር እንደሚገጥም ጽፎ ያቀርባል። አድካሚ ነው፤ ግን ያዋጣል። የውትድርና ሥልጠና እና እውቅና ያላቸው የሙያ ሰርተፊኬቶች፣ በተለይ በአይቲ፣ እንዲሁ ይቆጠራሉ።

ሦስተኛውና ትልቁ ድሮ የተማሩት ትምህርት ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ትምህርት ቤት የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያ ሁሉ የተከፈለበት፣ የተመሸበት፣ የታለፈ ኮርስ ነው።

ክሬዲት የሚጠፋበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። «አልተቀበልንም» ተብሎ የሚጠፋ አለ፤ እሱ ቢያንስ ይታያል። የባሰው ተቀባይነት አግኝቶ የሚባክነው ነው። ከአዲሱ ትምህርት ቤት የሚመጣውን የግምገማ ወረቀት እዩት። በግራ በኩል የድሮው ኮርስ ስም አለ፣ ስታትስቲክስ፣ 3 ክሬዲት። በቀኝ በኩል «ተቀብለናል፣ 3 ክሬዲት፣ ኢሌክቲቭ» ይላል፤ ኢሌክቲቭ ማለት ተማሪው በምርጫው የሚወስደው ኮርስ ነው። ተማሪው ደስ ይለዋል። ወረድ ብሎ ዲግሪው የሚጠይቃቸው ኮርሶች ዝርዝር ላይ «ቢዝነስ ስታትስቲክስ፣ 3 ክሬዲት፣ አልተወሰደም» የሚል መስመር አለ። ኢሌክቲቩ ቀድሞ ሞልቶ ከሆነ ያ የድሮ ኮርስ ትራንስክሪፕቱ ላይ ከመቀመጥ በቀር ምንም አላሳጠረለትም። አንድ ዓይነት ትምህርት ሁለት ጊዜ ሊማርና ሁለት ጊዜ ሊከፍል ነው።

እንዲህ ሲሆን ዝም ማለት አይገባም። የድሮውን ኮርስ አውትላይን ፈልጎ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ ለዲፓርትመንቱ ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ግምገማ የሚሠራው የኮርሱን ስምና ቁጥር ብቻ የሚያይ የሬጅስትራር ሠራተኛ ነው። ይዘቱን የሚያውቅ መምህር ሲያየው ውሳኔው ሊቀየር ይችላል። በሌላ አገር የተማረ ሰው ደግሞ ትራንስክሪፕቱን በግምገማ ድርጅት ሲያስገመግም ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረውን ዓይነት ይጠይቅ። አጠቃላይ ደረጃውን ብቻ የሚገልጸው ርካሽ ነው፤ ለክሬዲት ዝውውር ግን ብዙም አይረዳም።

ጣሪያም አለው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከ120ው ክሬዲት ቢያንስ ሩቡን፣ ማለትም 30 ያህሉን፣ እዚያው መማር ግዴታ ያደርጋሉ። ስለዚህ 90 ክሬዲት ይዞ ለሚመጣ ሰው «በአንድ ዓመት» የሚለው ማስታወቂያ እውነት ነው። 12 ክሬዲት ይዞ ለሚመጣው ግን ያው ማስታወቂያ ሌላ ነገር ነው። በትንሽ ፊደል «እንደ ተማሪው የዝውውር ክሬዲት ይለያያል» የሚለው አረፍተ ነገር ዋናውን ጉዳይ ይዟል።

ሰዓት ሳይቆጥሩ ማስተማር

ክሬዲትን ከሰዓት ለማላቀቅ በትልቁ የሞከረው ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1997 የ19 ምዕራባዊ ግዛቶች ገዢዎች ያቋቋሙት የኦንላይን ትምህርት ቤት ነው። ተርሙ ስድስት ወር ነው፤ ክፍያው ለተርሙ አንድ ወጥ ነው። ተማሪው ዝግጁ ነኝ ባለ ጊዜ ይፈተናል ወይም ፕሮጀክቱን ያስገባል። ካለፈ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በስድስት ወር አራት ኮርስም ይጨርስ አሥር፣ ክፍያው ያው ነው። ለአሥር ዓመት ኔትወርክ ሲዘረጋ ለኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም።

ለጀማሪ ግን ከባድ ነው። የሳምንት አሳይመንት የለም፣ «የት ጠፋህ» የሚል የክፍል ጓደኛ የለም። በ2017 የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር፣ ተማሪና መምህር በበቂ ሁኔታ አይገናኙም ብሎ ዩኒቨርሲቲው 713 ሚሊዮን ዶላር የፌደራል የተማሪዎች እርዳታ እንዲመልስ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሚኒስቴሩ በ2019 ሐሳቡን አልተቀበለውም። እኔ ውሳኔው ልክ ይመስለኛል፣ የኢንስፔክተሩ ጥያቄ ግን አልሞተም። እዚያ ፈተና ማለፍ ይቻላል፤ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተከራክሮ መማር ግን የዚያን ያህል አይቻልም። ሙያውን ይዞ ለመጣ ሰው ይህ ትንሽ ጉድለት ነው። ሙያውን እዚያ ለመጀመር ለሚመጣ ግን ትልቅ ነው።

ዲግሪውን ራሱን የሚያሳጥሩም አሉ። በ2023 ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ አይዳሆ እና ኤንሳይን ኮሌጅ ከ90 እስከ 94 ክሬዲት ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲሰጡ ከእውቅና ሰጪያቸው ተፈቅዶላቸዋል። የቀነሱት ኢሌክቲቭ ኮርሶችን ነው። እንግሊዝ ውስጥ የበኪንግሃም ዩኒቨርሲቲ ከ1976 ጀምሮ የክረምት ዕረፍቱን ለትምህርት እያዋለ በሁለት ዓመት ያስመርቃል። ይኼኛው ግን ሙሉ ጊዜውን ለትምህርት ለሚሰጥ ተማሪ የታሰበ ነው። ከሥራ ጋር ላጣምረው ማለት አይሆንም።

አንድ ሳምንት ሲታመም

የስምንት ሳምንት ኮርስ ውስጥ አንድ ሳምንት ምን እንደሚመስል በቅርብ እንየው። ሰኞ ሞጁሉ ይከፈታል፤ ሁለት ምዕራፍ ንባብ አለ። እስከ ሐሙስ ሌሊት የውይይት ጽሑፍ መለጠፍ አለበት። እስከ እሑድ እኩለ ሌሊት ለሁለት የክፍል ጓደኞች መልስ መስጠት፣ አጭር ፈተና መውሰድ፣ ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ ማስገባት። ማክሰኞ ሥራ ቦታ ኦቨርታይም መጣ። ረቡዕ ልጅ አተኮሳት። ሐሙስ ሌሊት በስድስት ሰዓት ገደማ ምዕራፉ ሳይነበብ የውይይቱ ጽሑፍ ይጻፋል። ቅዳሜ እንቅልፍ ይሆናል። እሑድ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይወርዳል።

በ15 ሳምንት ሴሚስተር አንድ ሳምንት ቢበላሽ ከ15 አንዱ ነው፤ ይካካሳል። እዚህ ግን ከስምንት አንዱ ነው። ሁለት ኮርስ የያዘ ሰው ደግሞ ሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ወደኋላ ይቀራል። ኮርስ የሚጣልበት ቀነ ገደብም ቶሎ ይደርሳል፤ ብዙው ሰው ያስታወሰው ካለፈ በኋላ ነው። መጣሉም ዋጋ አለው። የፌደራል እርዳታ የሚያገኝ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከሞከረው ክሬዲት 67 በመቶውን ማለፍ ይጠበቅበታል። ከቀነ ገደቡ በኋላ የተጣለ ኮርስ እንደ ተሞከረ ይቆጠራል። ሁለት መጥፎ ተርም እርዳታውን ሊያስቆም ይችላል።

የሰው አእምሮም የራሱ ሕግ አለው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናቱ፣ ተከፋፍሎ በተለያየ ቀን የተጠና ነገር በአንዴ ከተጠናቀረው የበለጠ እንደሚቆይ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችም ይህንኑ ደግፈዋል። ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። አንዱ ባንዱ ላይ የሚገነባ ትምህርት፣ ካልኩለስ፣ ፕሮግራሚንግ፣ አካውንቲንግ፣ አዲስ ከሆነባችሁ በስምንት ሳምንት አትውሰዱት። የረጅም ሴሚስተር አማራጭ ካለ እሱን ያዙ። ፍጥነቱን በሥራችሁ ለምታውቁት ኮርስ አውሉት። አንድ ተርም ላይ ዘግይታችሁ መሠረቱን ብትይዙ ቀጥለው የሚመጡት ሦስት ኮርሶች ይቀሏችኋል።

ከሙሉ ቀን ሥራ ጋር ጭራሽ የማይሄዱም አሉ። ነርሲንግ ዋነኛው ነው። «የተፋጠነ የነርሲንግ ዲግሪ» ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር የሚፈጀው በሌላ ሙያ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች ነው። ቀን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ አለው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በዚያ ጊዜ ሥራ እንዳትይዙ ብለው ይመክራሉ። ይህን ከሙሉ ቀን ሥራ ጋር አጣምረዋለሁ ብሎ መመዝገብ ራስን መጉዳት ነው። ነርስ ሆኖ እየሠራ ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ የሚያሳድግ ሰው ግን ሌላ መንገድ አለው፤ እሱ ከሥራ ጋር በደንብ ይሄዳል።

ፍጥነት እና ገንዘብ

ብዙ ሰው ቶሎ መጨረስ ሁልጊዜ ይረክሳል ብሎ ያስባል። በተርም ወጥ ክፍያ የሚያስከፍል ትምህርት ቤት ላይ እውነት ነው። በክሬዲት የሚያስከፍል ላይ ግን የሚገለበጥበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ የታክስ ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ብዙ ድርጅቶች ጣሪያቸውን እዚያው ላይ ያቆሙታል።

አንድ ክሬዲት 330 ዶላር ነው እንበል። በዓመት 18 ክሬዲት የሚወስድ ሰው 5,940 ዶላር ይጠየቃል። ከኪሱ የሚወጣው 690 ብቻ ነው። በዓመት 36 ክሬዲት የሚወስደው ግን 11,880 ይጠየቃል። ከኪሱ 6,630 ይወጣል። ፍጥነቱን የገዛው በራሱ ብር ነው። ዲግሪው ሲያዝ ደመወዙ ወዲያው የሚጨምር ከሆነ ያዋጣል። ካልሆነ ግን ለጥድፊያው ምክንያት የለውም። ጣሪያው የሚቆጠረው በፈረንጆቹ ዓመት ስለሆነ መስከረም ላይ መጀመርና ጥር ላይ መቀጠል የሁለት ዓመት ድጋፍ ሊያስገኝ ይችላል። ይህን ከሰው ኃይል ክፍል ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ውጤት፣ ብሩ ኮርሱ ካለቀ በኋላ የሚመለስ መሆን አለመሆኑን፣ ሥራ ብትለቁ መልሱ የሚባል ውል መኖሩን በጽሑፍ ያዙ።

ኮርሱን ከጅምሩ የሚከፍሉ አሠሪዎችም አሉ። ስታርባክስ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2014 የጀመረው ፕሮግራም በሰፊው ይታወቃል።

ገንዘብ ካነሳን አይቀር፣ «የሕይወት ልምድዎን ይላኩልን፣ ዲግሪዎን እንልክልዎታለን» የሚሉት ሐሰተኛ ናቸው። በ2015 ይፋ የወጣው የፓኪስታኑ አክሳክት ኩባንያ በሌሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ዲግሪ ሲሸጥ ነበር፤ ገዢዎቹ በብዙ አገሮች ነበሩ። እውነተኛ ትምህርት ቤት ልምድን ይገመግማል፣ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ሙሉ ዲግሪ በልምድ ብቻ አይሰጥም። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የእውቅና ዝርዝር በነፃ ይገኛል። የትምህርት ቤቱን ስም እዚያ መፈለግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ወደ ማስተርስ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ትራንስክሪፕቱ ላይ ጂፒኤ ይወጣ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ የሚል ትራንስክሪፕት አንዳንድ ቦታ ጥያቄ ያስነሳል።

ለመመዝገብ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት የድሮ ትራንስክሪፕቶቹን ሁሉ ሰብስቦ ለሁለት ሦስት ትምህርት ቤቶች መላክ ነው። ክፍያ ሳይፈጽም የጽሑፍ ግምገማ ይጠይቅ። ወረቀቱ ሲመጣ ስንት ክሬዲት ተቀበሉ የሚለውን ይለፈውና ለመመረቅ ስንት ይቀራል የሚለውን ይቁጠር። የቀረውን በ45 ያባዛ። ከዚያ በሳምንት በእርግጥ በሚያገኘው ሰዓት ያካፍል። 48 ክሬዲት ቀርቶት በሳምንት 15 ሰዓት ያለው ሰው 144 ሳምንት ያገኛል፤ ሦስት ዓመት ሊሆን ጥቂት የቀረው። አድቫይዘሩ «በአንድ ዓመት ትጨርሳለህ» ካለው ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቀው። ከክሌፕ ፈተና ነው? ከሥራ ልምድ ምዘና ነው? የትኞቹን ኮርሶች ነው የሚተካው? መልሱ የኮርስ ስም እየጠራ ከመጣ መመዝገብ ይቻላል። «በርትተህ ከሠራህ» የሚል ብቻ ከሆነ ወደ ቀጣዩ ትምህርት ቤት ይደውል።